አንድ አዳር ማዶ

ጥር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ደባርቅ። ቅዳሜ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሏል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ ላዩ ረግቶ አደረ።

ሕሊና ከዳባት መጣች። ባሏን አንዱዓለምን ይዛ መጣች፤ እሱን አስከትላ ስትመጣ ነገር እንዳላት አውቃለሁ። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ደርሶላቸዋል። አንዱዓለም የሚያውቀው ሰው ጣና ላይ፣ ከጎርጎራ ወዲያ ባለች ትንሽ ደሴት፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቷል አሉ። አራታችን ሄደን አንድ ሳምንት እንቆይ አሉ።

"ምን ልንሠራ?" አልሁ።

"ምንም ልንሠራ፣ አባዬ። ልናርፍ።"

"ዕረፍት ለደከመ ሰው ነው።"

"እማዬ ደክማለች" አለች ሕሊና። "ሐኪሙ ሳሏን የሚያባብሰው የደባርቅ ብርድ ነው ብሏል። ሞቅ ያለ አገር ትንሽ ትቆይ ብሏል።"

ወርቄ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትጠይቅ አልሰማሁም። አንዱዓለም በስልኩ ሥዕል አሳየኝ፤ ውኃ ነው።

"ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሡ ከደጅዎ ጀምሮ እስከ ሰማዩ ውኃ ነው።"

"ደጅ ላይ ውኃ የሚቆመው ቦይ ሲደፈን ነው" አልሁት። ሣቀ። እኔ ለቀልድ አልነበረም።

አልሄድም ብያለሁ። ነገሩ አልቋል።


ጥር 6። ማክሰኞ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ከጣና ገዳማት ተመልሰዋል። ደጃፌ ላይ ቆመው፣ ገና ሳይቀመጡ፣

"አባ ገብረ ኢየሱስ ታመዋል" አሉኝ።

"እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም።"

"ያውቃሉ እንጂ።"

"እኔ የማውቀው ድረስ የሚባል ታናሽ ወንድም ነው።"

"ድረስ ሞቷል፣ አቶ አለነ። የመነኮሰ ዕለት ግንዘቱ ተነቧል።"

ሕጉን አጥቼው አይደለም። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ የሙታን ጸሎት ይደገምበታል፤ የቀድሞ ስሙም አብሮ ይቀበራል። ለሌላ ሰው ይሁን። እናታችንና አባታችን ሲሞቱ ድረስ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ወርቄ በሙሽርነቷ ተቀብላ ያሳደገችው እሱን ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ መንገድ ሥራ ካምፕ ያስገባሁት፣ ግንብ መካብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እኔ ሳላውቅ ማን ስሙን ይቀብረዋል?

በሠላሳ ሁለት ዓመት ሰባት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ፊደል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከመንገድ ዳር ምልክትና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ቢሆንም ጽሕፈቴ ይነበባል። "ለድረስ" ብዬ ላክሁ። መልስ የለም። መምሬ ዛሬ እንደ ነገሩኝ ሰባቱም ሳይከፈቱ በገዳሙ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ለሞተ ሰው የመጣ ደብዳቤ ማን ይከፍታል?" አሉኝ። "በምንኩስና ስሙ ቢጽፉለት ምን ነበረበት?"

በርጩማ አቀረብሁላቸው።

እግሩ አብጧል አሉ። ትንፋሽ ያጥረዋል። ፋሲካን የሚያይ አይመስለኝም አሉ።

ገዳሙ ከጎርጎራ ይርቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ለወሬ ያህል ነው የጠየቅሁ።


ጥር 7።

ለሕሊና ደወልሁ። እንሄዳለን አልኋት። ሐሳቤን የለወጥሁት በወርቄ ሳል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።


ጥር 9። ነፋስ።

የገዳሙን ስም እዚህ አልጽፍም። ወርቄ ፊደል አትለይም፤ ሕሊና ግን ትለያለች፤ እጇም አያርፍም። "ማዶ" እለዋለሁ።

ዕቅዱ ይህ ነው። ማረፊያው ባለባት ደሴት ቅዳሜ እንገባለን። ሰኞ በማለዳ በጀልባ ወደ ማዶ። አንድ አዳር። ማክሰኞ ጠዋት መመለስ። ሰኞ የነነዌ ጾም መግቢያ ነው፤ በጾም ቀን ገዳም ለማደር ለምን ሄድህ የሚለኝ የለም። ቀኑን በደንብ መርጬዋለሁ።

ማዶን ሴት አትረግጠውም፤ የገዳሙ ሕግ ነው። ስለዚህ ለወርቄ መንገር አያስፈልግም። የማትገባበት ቦታ ምን አደረጋት።

ገበያ ላይ ከጎርጎራ የደረቀ ዓሣ የምታመጣውን ነሲባን ስለ ሐይቁ ጠየቅኋት።

"ጠዋት ይተኛል፣ አባባ። ከቀትር በኋላ ነው የሚነሣው። ማን ነው የሚሻገረው?"

"ሰው ጠይቆኝ ነው።"

"ሰውየው መዋኘት ይችላል?"

"አይችልም።"

"እንግዲያው ለሰውየው ይንገሩት፤ በጠዋት ይሂድ። የማይችል ከሆነ ወንድሜ ባሽር ጀልባ አለው፤ ለእሱ እነግረዋለሁ።" አንገት እስክትደፋ ሣቀች። ሰውየው ሰኞ የካቲት 3 ጠዋት ከማረፊያው ወደ ገዳሙ ይሻገራል አልኋትና ዓሣ ሳልገዛ ተመለስሁ።


ጥር 13። ጥምቀት አልፏል። ሰማዩ የጠራ ነው።

ወደ ሊማሊሞ ወረድሁ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እስከ ቁልቁለቱ አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ሠርቻለሁ፤ ዐሥራ ስድስቱን የሠራተኛ አለቃ፣ ካቦ ሆኜ። አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ካቦ የሚያየው ድንጋይና ሰዓት ነው። ዛሬ ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ አየሁ። ከእግሬ ሥር ንሥር ያንዣብባል፤ ጀርባውን ነው የማየው። ከዚያ ወዲያ ተራራው በተራራ ላይ፣ ሸንተረሩ በሸንተረር ላይ፣ እያደር እየሳሳ ሄዶ ከሰማዩ ጋር አንድ ይሆናል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለማን እንዳወለቅሁ አላውቅም።

ቦታውን አገኘሁት። ነሐሴ 19 ቀን 1974 ሌሊት እዚህ ላይ የድጋፍ ግንብ ተናደ። ሰው አልሞተም። መንገዱ ዐሥራ አንድ ቀን ተዘጋ። ግንቡን የካበው ድረስ ነው። ከጀርባው ለሚጠራቀመው ዝናብ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አልተተወለትም። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውኃ ያብጥበትና ክረምት አይሻገርም፤ ይህን ገና ልጅ ሳለ አስተምሬዋለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍሁት ሪፖርት አጭር ነበር፦ ቀዳዳ እንዲተው አዝዤ ሳለ ሠራተኛው ትእዛዙን አልፈጸመም። በሰልፍ ላይ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አነበብሁት። ድረስ ቆሞ ሰማ፤ አንድ ቃል አልመለሰም። በሳምንቱ የለም። በዓመቱ መነኮሰ ሲሉ ሰማን።

ሪፖርቱ ትክክል ነው። ሰው አልሞተም።


ጥር 14።

ትናንት "አዝዤ ሳለ" ብዬ ጻፍሁ። ያዘዝሁ ይመስለኛል። ክረምት ገብቶ ነበር፤ ሥራው ተቻኩሏል። ሰው በጥድፊያ ላይ ያዘዘውን ሁሉ አያስታውስም።

ጉልበቴ ከትናንቱ ዳገት በኋላ አልታጠፍ ብሏል።


ጥር 19። መምሬ ዘንድ።

ማዶ ለማደር ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመሸኛ ደብዳቤ ያስፈልጋል። መምሬ ብዕራቸውን አነሡ። "ወንድማቸውን አባ ገብረ ኢየሱስን ለመጠየቅ" ብለው ጀመሩ።

"ይሰርዙት" አልሁ። "ድረስን ለመጠየቅ ይበሉ።"

"የሌለ ሰው ስም በማኅተም አልጽፍም።"

"እኔም የማላውቀውን ሰው ስም ይዤ አልሄድም።"

"እርስዎኮ" አሉ መምሬ ብዕሩን አስቀምጠው፣ "መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቢደርሱ 'በሩ ጠሟል፣ ካልተቃና አልገባም' ይላሉ።"

"ከጠመመ መቃናት አለበት።"

በመጨረሻ "ዘመዳቸውን ለመጠየቅ" ብለው ጽፈው አተሙበት። ሲሰጡኝ እንዲህ አሉ፦ "እዚያ ሲደርሱ ግን ስም መጥራትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ አንቱ ነው የሚሉት፤ መስቀል ይዟል። መስቀሉንም ይሳለማሉ።"

እኔ ነኝ አንቱ የምለው? አፍንጫውን ያበስሁለትን?


ጥር 24።

ወርቄና ሕሊና ልብስ ሲያጣጥፉ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ማድመጤ አይደለም፤ በሩ አይገጥምም።

"አባዬን ምን ነካቸው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አልተቆጡም።"

"ተያቸው። ከራሳቸው ጋር እየተሟገቱ ነው። የሚረታውን እናያለን።"

"በምን ጉዳይ?"

ወርቄ አሳላት። ሳሉ እውነተኛ ይሁን አይሁን አልለየሁም።

በሩን ነገ አስተካክለዋለሁ።


ጥር 30። ለነገ መንገድ።

ደብዳቤው በውስጥ ኪስ። ጧፍ። ከዘራ። ባትሪ። ጉልበቴን የምቀባው። ጋቢ ወርቄ ሳልነግራት ሁለት አጥፋለች። አንዱዓለም "ጋሼ፣ ለአንድ ሳምንት ነው ለዓመት?" አለ። ሚኒባሱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት።


የካቲት 1። ቅዳሜ። በደሴቲቱ።

በዳባት፣ በጎንደር አልፈን ጎርጎራ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። መኪናው አንዱን ጉብታ ሲያልፍ ከፊት ለፊታችን ያለው መሬት አለቀ።

መጀመሪያ ሰማይ መሰለኝ። ሰማይ ከኮረብታው በታች ወርዶ የተኛ። ከዚያ በላዩ ላይ ነጭ ወፎች ሲቀመጡ አየሁ። ማዶው አይታይም። እኔ ያደግሁት ውኃ ሁልጊዜ ወደ ታች በሚሮጥበት አገር ነው፤ ውኃ ማለት ለእኔ የሚሸሽ፣ የሚንድ፣ የሚቆርጥ ነገር ነው። ይህ ግን አይሄድም። ይህን ያህል ውኃ ምንም ሳይሠራ፣ ማንንም ሳይነካ፣ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ምን አሉ?" አለች ሕሊና።

ምንም አላልሁም ነበር። ብዬም ከሆነ አላወቅሁትም።

በጀልባ ተሻግረን የገባንበት ማረፊያ የሣር ክዳን ያላቸው አራት ክፍሎች ናቸው። ወርቄ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች። እስኪመሽ አላሳላትም።


የካቲት 2። እሑድ።

ዕቅዱ ተጋለጠ። ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወፍራም ሰው ጀልባውን አስጠግቶ ወረደና፣

"ሰላም አደሩ! መዋኘት የማይችሉት ሰውዬ እርስዎ ነዎት?" አለኝ። የነሲባ ወንድም ባሽር ነው። "ነገ ጠዋት ወደ ገዳሙ ብላኝ ነበር እኮ።"

ሕሊና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የት ነው የሚሄዱት?"

"ማዶ። አንድ አዳር ነው።"

"በሰባ አራት ዓመትዎ? በዚያ ጉልበት? ሐኪም በሌለበት? ለምን?"

"ግንቡን ለማየት። አሮጌ ግንብ አለ ይባላል።"

"ግንብ! አባዬ፣ እኛ እዚህ ያመጣናችሁ አብረን እንድንሆን ነው። ግንብ ደባርቅም አለ።"

አንዱዓለም አብሬዎት ልሂድ አለ። አያስፈልግም አልሁት። ሕሊና ተነሥታ ሄደች። እንባዋን አየሁ፤ ያየሁ አልመሰልሁም። ልጅን ማስለቀስ ጥሩ ነገር አይደለም። ቢሆንም የታቀደ ሥራ ይፈጸማል።

ወርቄ ብቻ አልጠየቀችኝም። "ሁለተኛውን ጋቢ ይያዙት" አለች። "እዚያ ያሉት አባቶች ይበርዳቸዋል።"


የካቲት 3። ሰኞ። ጾመ ነነዌ። በጀልባ ላይ።

ሐይቁ ተኝቷል። ባሽር ብርቱካን ቀለም ያለው መንሳፈፊያ አልብሶኛል፤ ዱባ መስያለሁ። ጽሕፈቱ አያምርም። ሞተሩ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።

ባሽር፦ "ዛሬ የእናንተ የዮናስ ጾም ነው አይደል? እኛ ዩኑስ እንለዋለን።"

"ነው።"

"አባባ፣ እርስዎም ሂድ ከተባሉበት ሸሽተው ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ጀልባዋ አዲስ ናት።"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"እሱም እንዲሁ ብሎ መሰለኝ" አለ ባሽር።

ዛፍ የለበሰ ኮረብታ ከውኃው ላይ ወጣ። ማዶ ነው።


ያው ቀን። ከቀትር በኋላ።

እንግዳ ተቀባዩ መነኩሴ ደብዳቤውን አነበቡ። ወጣት ናቸው፤ ጢማቸው ገና አልጠቆረም።

"የትኛውን ዘመድዎን ነው የፈለጉት?"

"ድረስን።"

"እንዲህ የሚባል እዚህ የለም፣ አባቴ።"

"የደባርቁ።"

"እዚህ የደባርቅ ሰው የለም። ሁላችንም የዚህ ቤት ሰዎች ነን።" ትሕትናቸው አናደደኝ። "ማንንም ቢፈልጉ ግን አሁን አያገኙም። የነነዌን ሦስት ቀን አባቶች በየጎጆአቸው ሱባዔ ይዘዋል፤ በር ዘግተው ነው። ረቡዕ ቅዳሴ ሲወጣ ነው የሚከፈተው።"

"የታመመም?"

"የታመሙትም።"

ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከዓመቱ ቀን ሁሉ በሩ የሚዘጋበትን መርጬ መጣሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ነነዌን ጾሜ ገዳም ውስጥ እንዴት እንደሚጾም አንድ ሰው አልጠየቅሁም። መምሬ ይነግሩኝ ነበር፤ ቀኑን ሸሸግኋቸው።

ለእንግዳ የሚሰጥ ትንሽ ጎጆ ሰጡኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ንፍሮ።


የካቲት 4። ማክሰኞ።

ገና ሳይነጋ ድንጋይ ሲጮህ ሰማሁ። ሕልም መስሎኝ ወጣሁ። ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከዛፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ አንድ መነኩሴ በትንሽ ድንጋይ ይመታቸዋል። ደወሉ ይኸው ነው። ድምፁ ቀጭን፣ የጠራ፤ በውኃው ላይ ሄዶ ሄዶ የሚያልቅ አይመስልም። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስፈነቅል፣ ስጠርብ፣ ስክብ ኖሬ ድንጋይ እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ እንዳለው አላወቅሁም። ብርድ ላይ ቆሜ እስኪያበቃ ሰማሁ። ካበቃም በኋላ ቆሜ ነበር።

ሲነጋ ባሽር ሊወስደኝ መጣ። ረቡዕ ነው የምጨርሰው፣ ሐሙስ ና አልሁት።

"ልጅዎ ትገድለኛለች።"

"ሥራው አላለቀም በላት።"

ሄዶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ። መልእክት ይዟል። "ሕሊና የተናገረችውን አልደግመውም፣ ጾም ነው። እትዬ ወርቄ ግን 'ከሠላሳ ሁለት ዓመት ላይ ሁለት ቀን ምን አላት? ጋቢውን ይስጡት' ብለዋል።"

ይስጡት አለች። ማንን እንደሆነ አልነገርኋትም። ከመምሬ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከቀትር በኋላ ግንቡን አየሁ። ለሕሊና የነገርኋት ውሸት እውነት ሆነ፤ ግንብ አለ። ከጀልባ መውረጃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውን መንገድ ደግፎ ይዞታል። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ነው፤ ትልቁ ከታች፣ ረጅሙ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሚስማር ይዟል። ማን ካበው ብዬ አልጠየቅሁም። የእያንዳንዱን ድንጋይ አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በየክንዱ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ተትቶለታል። ዘንበል ብዬ ቆጠርኋቸው። ዘጠና ሦስት። ለዚህ ግንብ ሠላሳ ይበቃ ነበር።

ግንቡ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

አላዘዝሁም። "አያ፣ ቀዳዳ እንተው?" ብሎ ጠየቀኝ። ዝናቡ ሰፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። "ዝም ብለህ ካብ" አልሁት። ሲናድ ካቦነቴን ፈራሁ። ስም የሚነቀፍ ከሆነ የእሱ ይነቀፍ፣ ወጣት ነው ይረሳለታል አልሁ። ይህን ለራሴም አልነገርሁትም ነበር። ሰባቱም ደብዳቤ ውስጥ የለም። ሰባቱም ደብዳቤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው።

ወደ እንግዳ ተቀባዩ ሄድሁ። "የምፈልገው አባ ገብረ ኢየሱስን ነው" አልሁ። አፌ ውስጥ አዲስ ጥርስ የበቀለ መሰለኝ።

"ወንድማቸው ነዎት?" አሉ ወጣቱ መነኩሴ። "ሲያስነጥሱ እንኳ እሳቸውን ይመስላሉ።"


የካቲት 5። ረቡዕ።

ቅዳሴ ሲወጣ ጎጆው ደጃፍ ላይ ቆምሁ። በሩ ተከፈተ። ወጣ። ወጡ ልበል።

አባቴን ያየሁ መሰለኝ። አባታችን ከሞተ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ይኸው በቢጫ ቆብ በሩ ላይ ቆሟል። እግሮቹ እንደ ግንድ አብጠዋል። ፊቱ ግን፣ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፣ ምንም የሚጠብቀው ዕዳ የሌለው ሰው ፊት ነው።

ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። አጠፍሁት። መስቀሉን ተሳለምሁ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታ።"

"ይፍቱኝ ያልሁት ሰው ሁሉ እንደሚለው ለሰላምታ አይደለም" አልሁ። "ያን ጊዜ ቀዳዳውን ጠይቀኸኝ... ጠይቀውኝ ነበር። ካብ ያልሁህ... ያልሁዎ እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ውሸት ነው። በሰው ሁሉ ፊት ያነበብሁት ውሸት ነው።"

ክንዴን ይዘው ሊያነሡኝ ሞከሩ፤ እሳቸውም አቅም የላቸው፣ እኔም የለኝ፤ ሁለታችንም እዚያው መደቡ ላይ ዘፍ አልን።

"አያ" አሉኝ። በዚያው በድሮው ድምፅ። "እኔም የምነግርዎ አለኝ። ልቤ ወደዚህ የሄደው ግንቡ ሳይናድ በፊት ነው። ሁለት ዓመት አስቤበታለሁ። እርስዎን መንገር ፈራሁ፤ እንቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግንቡ ሲናድ፣ እርስዎ ሪፖርቱን ሲያነቡ፣ ደስ አለኝ። በቁጣ እንደሄደ ሰው መሄጃ አገኘሁ። ምክንያቱን እርስዎ ላይ ጭኜ ነው የሄድሁ። ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ስሙ ስሜ አይደለም ብዬ አልከፈትሁም። ሕጉን ተከልዬ ነው፤ እውነቱን መጻፍ አፍሬ ነው። እርስዎም ይፍቱኝ።"

ተናደድሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ተናደድሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከምሁት ለካስ ግማሹ የእኔ አልነበረም። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ወጣቱ መነኩሴ ንፍሮ ይዘውልን ቆመዋል። ሐይቁ ከዛፎቹ መካከል ይታያል፤ ፀሐይ እየወረደች ውኃው በሙሉ፣ እስከ ማለቂያው፣ ብረት ሲግል እንደሚሆነው ሆኗል። እንዲህ ያለ ነገር በየማታው እዚህ ሲሆን እኔ ደባርቅ ተቀምጬ ነበር።

ቁጣው የት እንደሄደ አላውቅም።

"ግንብዎ ጥሩ ነው" አልሁ።

"ቀዳዳው በዝቷል" አሉ።

"በዝቷል።"

ሣቁ። ሲሥቁ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጋቢውን ደረብሁላቸው። ወርቄ ናት የሰጠችዎ አልኋቸው። ጫፉን ይዘው ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት።


የካቲት 6። ሐሙስ።

ባሽር በማለዳ ደረሰ። ጀልባው ላይ ብርቱካን መንሳፈፊያ የለበሰ ሌላ ሰው አለ። ሲቀርብ ወርቄ ናት። ከኋላዋ ሕሊና እጇን ይዛታለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ለእኔ ግን ራሷን ነቅንቃ ሰላምታ ሰጠችኝ።

"እትዬ ወርቄ ወይ ትወስዱኛላችሁ ወይ ዋኝቼ እሄዳለሁ አሉን" አለ ባሽር ከሩቅ እየጮኸ። "መዋኘት እንደማይችሉ እያወቅን እንኳ አመንናቸው።"

እንግዳ ተቀባዩ ሮጠው ወረዱ። "ጀልባዋ መሬት እንዳትነካ! ሴት አይወርድም!"

"አንወርድም" አለች ወርቄ። "ሕጉን እናውቃለን።"

ባሽር ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ ከመውረጃው ሃያ ክንድ ያህል ርቃ ውኃው ላይ ቆመች። አባ ገብረ ኢየሱስ በከዘራና በወጣቱ መነኩሴ ትከሻ ተደግፈው፣ በግንቡ መንገድ፣ አንድ እርምጃ ወርደው እያረፉ፣ አንድ ወርደው እያረፉ መጡ። እኔ ከኋላ ነበርሁ። ልነግራት አስቤ ነበር፦ አንቱ በዪ፣ አባ በዪ፣ ያ ስም እዚህ አይጠራም ልላት። ሁለት ቀን ተምሬዋለሁና።

ወርቄ ከጀልባዋ ላይ ተነሥታ ቆመች። እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየች። ዕድሜ ልኳን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣

"ድረስዬ!" ብላ ጮኸች። "ድረስዬ፣ አንተ ነህ?"

እንግዳ ተቀባዩ ቀና አሉ።

"አቤት፣ እትዬ" አለ ወንድሜ። "እኔ ነኝ።"

ውኃው እስከ ጉልበቴ ነበር። መቼ እንደገባሁ አላውቅም።